የኔ ቢጤ፦ ምላሽ የማይጠብቅ ፍቅር በክርስትና ሕይወት

በክርስትና ትምህርት ፍጹም የሚባለው ፍቅር የሚወደደውን ሰው ማንነት፣ ሥራና አጸፋ ሳይመዝን የሚሰጥ ፍቅር ነው። ሰው በዚህ ፍቅር የሚወደደው ዘመድ ስለሆነ፣ መልካም ስለሠራ ወይም ነገ ውለታ ይመልሳል ተብሎ አይደለም። ሰው ስለሆነ፣ ይኸውም እግዚአብሔር ስለፈጠረው ብቻ ይወደዳል። በዘመኑ አነጋገር ያለ ቅድመ ሁኔታ መውደድ ይባላል፤ የቆዩት መምህራን ፍጹም ፍቅር ሲሉ የኖሩትም ይህንኑ ነው።

የዕለት ኑሮ ግን በአብዛኛው የሚመራው በሌላ ደንብ ነው። ብድር በምድር ይባላል። ለጎረቤቱ ልጅ ሠርግ አንድ ገንቦ ጠላ ይዞ የሄደ ሰው የራሱን ልጅ ሲድር ገንቦው ይመለስለታል። በጅጌ ወጥቶ የሰው እህል ያጨደ በተራው ይታጨድለታል። ይህ ደንብ ክፉ አይደለም፤ የወሎዎቹ ደሴና ኮምቦልቻ፣ በዙሪያቸው ያለው ገጠርም ጭምር፣ ብዙ ክፉ ቀን የተሻገሩት በእንዲህ ያለ መደጋገፍ ነው። ችግሩ የሚታየው መመለስ የማይችል ሰው ሲመጣ ነው። ምንም የሌለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ነገ ደግሞ የት እንደሚያድር የማይታወቅ ሰው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ የለውም። ወንጌል የሚጀምረው ከዚህ ሰው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ክርስቶስ ድግስ የሚደግስ ሰው ወዳጆቹንና ሀብታም ጎረቤቶቹን ትቶ ድሆችንና አካል ጉዳተኞችን እንዲጠራ ሲያስተምር ምክንያቱንም አብሮ ይሰጣል፤ እነዚህ ሰዎች ብድር መመለስ አይችሉም።

አዲስ ኪዳን የተጻፈበት የግሪክ ቋንቋ ለፍቅር ከአንድ በላይ ቃል አለው። የወንድና የሴት መፈላለግ ኤሮስ፣ የወዳጅነት ፍቅር ፊልያ፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ስቶርጌ ይባላል። ሐዋርያት ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሲጽፉ አዘውትረው የተጠቀሙበት ግን አጋፔ የሚለውን ቃል ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ድሃና ሀብታም ሳይለዩ አብረው የሚቀርቡበትን ማዕድም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር።

አማርኛ ለሁሉም ፍቅር የሚለው አንድ ቃል ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ከግዕዝ የወረሰው ሌላ ሀብት አለው። ግዕዝ ሰውን መውደድን ፍቅረ ቢጽ ይለዋል። ቢጽ ባልንጀራ፣ ጓደኛ፣ አምሳያ ማለት ነው፤ የአማርኛው ቢጤም የዚሁ ቃል ልጅ ነው። በደሴ መድኃኔ ዓለም ደጅ ተቀምጦ እጁን የሚዘረጋ ሰው በክብር ሲጠራ ለማኝ አይባልም፤ የኔ ቢጤ ይባላል። ከጋቢው ስር ሳንቲም የሚፈልገው ሰውዬና ከድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አንድ ዓይነት ፍጡር መሆናቸውን ቋንቋው አስቀድሞ ወስኗል። በወንጌል እንደ ራስ እንዲወደድ የታዘዘው ቢጽና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስር የተቀመጠው ቢጤ በስም ሳይቀር አንድ ናቸው። ቃሉን በየቀኑ የሚናገረው ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። ትምህርቱ ግን ከስብከት መድረክ ወርዶ በየሰው አፍ ውስጥ ገብቷል።

የዚህ ፍቅር ምንጭ ሰው አይደለም። ክርስትና የሚያስተምረው ሰው እግዚአብሔርን ከመውደዱ አስቀድሞ እግዚአብሔር ሰውን እንደወደደ ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ክርስቶስ የሞተው ለጻድቃን ሳይሆን ገና በኃጢአት ለነበሩ ሰዎች መሆኑን ያስረዳል። የተራራው ስብከት ደግሞ ነገሩን በዝናብ ይመስለዋል፤ ዝናብ ለደጉም ለክፉውም ይዘንባል። ምሳሌው ለወሎ ገበሬ ሩቅ አይደለም። በደሴ ዙሪያ ደጋ በልግ ሲዘንብ በሐቀኛው ገብስ ላይም በወሰን ገፊው ገብስ ላይም እኩል ይወርዳል፤ የክርስቲያኑን ማሳ ከሙስሊሙ ማሳ አይለይም። ቦርከናም ከደጋው ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ማን ይገባዋል ብሎ አይጠይቅም። በልግ የቀረበትን ዓመት የሚያውቅ ሰው ዝናብ በሥራ ዋጋ እንደማይገዛ፣ ሲመጣም ዝም ብሎ ስጦታ እንደሆነ ያውቃል። መምህራኑ ጸጋ የሚሉት እንዲህ ያለውን ስጦታ ነው።

በሉቃስ ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ታሪክም ከዚህ አገር ባህል አንጻር ሲነበብ ይጠልቃል። ልጁ አባቱ በሕይወት እያለ ድርሻውን ወስዶ አጥፍቶ ተመለሰ። አባቱ ከሩቅ ሲያየው ሮጠ። በወሎ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ጋቢውን ሰብስቦ በአደባባይ አይሮጥም፤ ልጁ መጥቶ ጉልበቱን እስኪስም ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ። በታሪኩ ውስጥ ያለው አባት ግን ክብሩን ጥሎ ሮጠ፤ ልጁ የይቅርታ ቃሉን ሳይጨርስ አቀፈው። ልብስና ጫማ ያስመጣለት፣ ፍሪዳ ያሳረደለት ልጁ ፀባዩን ማሻሻሉ ታይቶ ከተረጋገጠ በኋላ አይደለም። ቤት ውስጥ የቀረው ታላቅ ልጅ የተቆጣው በዚህ ነው፤ እሱ ፍቅርን እንደ ደመወዝ ይቆጥር ነበር።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ ይህን ትምህርት ከሁሉ አጉልቶ የያዘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ የተጻፈው በተአምረ ማርያም ነው፤ የካቲት 16 በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓልም ይነገራል። ሰውዬው ሰው በላ ነበር፤ 78 ነፍሳት አጥፍቷል። አንድ ቀን ሰውነቱ በቁስል የተመታ የተጠማ ድሃ መንገድ ላይ አገኘ። ድሃው በብዙ ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ 78ቱ ነፍሳትና ያቺ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ተቀመጡ፤ የእመቤታችን ጥላ ባረፈበት ጊዜ ሚዛኑ ወደ ውኃው አጋደለ። ለፍትሕ የሚቆረቆር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ይከብደዋል። ያ ሁሉ ደም በአንድ ጥርኝ ውኃ እንዴት ይታጠባል? መልሱ ከውኃው ውስጥ አይገኝም፤ ውኃ ብቻውን 78 ነፍስ አይመዝንም። ታሪኩ የተነገረው የምሕረትን ስፋት ለማሳየት ነው እንጂ የኃጢአትን ዋጋ ለማርከስ አይደለም። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ የመጨረሻው የመዳን በር የተከፈተው ሰው ሁሉ በሚጸየፈው በቁስለኛው ድሃ በኩል መሆኑ ነው።

ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ስለዚህ ፍቅር ሁለት የማይመሳሰሉ ታሪኮችን ይዟል። የመጀመሪያው የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሜዳ ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና ሊቃውንቱን ሰብስበው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየውን የሃይማኖት ክርክር አስወሰኑ። ከውሳኔው ጋር ሌላ አዋጅ ተከተለ፤ የወሎ ሙስሊሞች በተቆረጠላቸው ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዙ። ከወሎ መሪዎች ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆኑላቸው። እኚህ ሰው ናቸው በኋላ ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ደሴን ያቀኗት። ብዙ ሕዝብ ግን የተጠመቀው ከፍርሃት ነው። አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ፤ አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አመፁ። ንጉሠ ነገሥቱ የተከፋፈለች አገርን አንድ ለማድረግ እንዳሰቡ አይካድም። ከወንጌል አንጻር ሲመዘን ግን አዋጁ ስህተት ነበር። መሬትህንና ሹመትህን የምታገኘው ብትጠመቅ ነው የሚል ቃል ለጥምቀቱ ዋጋ ያወጣለታል፤ ዋጋ የወጣለት ነገር ደግሞ ጸጋ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ታሪክ ጸጥ ያለ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የውጭ ሚሲዮናውያን ድርጅት በቦሩ ሜዳ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሕክምና ጣቢያ አቋቋመ። ሥጋ ደዌ ቆዳንና ነርቭን የሚጎዳ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ነርቭ ሲሞት እግር ሕመም አይሰማውም። በሽተኛው እሳት ቢረግጥ እንኳ አይታወቀውም፤ ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጋው ይውላል፤ ማታ ደሙን ያያል። እንዲህ ያለውን እግር ማከም ማለት በውኃ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ መፋቅ፣ ቁስሉን ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል ማለት ነው። በማግስቱም እንደገና። በሽተኛው ጤነኛ ሆኖ ውለታ የሚመልስበት ቀን በቅርብ አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡም ሸሽቶታል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተለያዩ መድኃኒቶችን በማጣመር የሚሰጠው ሕክምና በሽታውን የሚድን አድርጎታል። ከዚያ በፊት ግን ያንን እግር በየቀኑ በእጁ የሚነካ ሰው ፍቅርን ሊያስመሰክር ሳይሆን ሊኖረው ግድ ነበር።

የኢትዮጵያ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ ከውጭ ሰው ትምህርት የሚጠብቅ አልነበረም፤ አርአያው በገድላት ተጽፎለታል። ጥቅምት 14 የሚታሰበው አቡነ ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወጣ፤ ደዌ ሥጋን ለምኖ ተቀበለ፤ ከድሆች ጋር በደጅ ተቀምጦ ኖረ። በመጨረሻም ወደ አባቱ ደጅ ተመልሶ ሳይታወቅ እዚያው አረፈ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን በእሱ ስም የሚለምኑት ከዚህ የተነሣ ነው። ታሪኩ ለሚሰማው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይተውለታል፤ በየማለዳው በደጅህ የምታልፈው ቁስለኛ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ቦሩ ሜዳ ዛሬ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ በቆዳና በዓይን ሕክምናው በአካባቢው ሁሉ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥት ሰው እንዲጠመቅ ባዘዙበት ሜዳ ላይ ሰው ስሙንና ሕመሙን ብቻ ተጠይቆ ይታከማል።

እዚህ ላይ ሚሲዮናውያኑ ይሰብኩ አልነበረም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሰብኩ ነበር፤ የመጡበትም ዓላማ ነው። ልዩነቱ ያለው ስብከቱን አልቀበልም ያለው ሰው ቁስል እንደ ተቀበለው ሰው ቁስል እኩል በመታጠቡና ባለመታጠቡ ላይ ነው። እርዳታ የእምነት ማጥመጃ የሆነ ዕለት፣ ሰጪው የየትኛውም ቤተ እምነት ሰው ይሁን፣ ወደ 1870ው አዋጅ ተመልሷል ማለት ነው።

የወሎ ሕዝብ ራሱ ከአዋጁ ይልቅ ሌላ መንገድ መርጦ ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በደቡብ ወሎ ከአሥር ሰው ሰባቱ ገደማ ሙስሊም ነበር፤ የቀረው አብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ቁጥሩ የማይናገረው ብዙ ቤተሰብ ሁለቱንም መያዙን ነው። አያት ሐጂ፣ የልጅ ልጅ ዲያቆን የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለም። እዚህ አገር ክርስቲያን ጠላትህን ውደድ የሚለውን ትእዛዝ ከመድረሱ በፊት እንደ እሱ የማያምነውን አጎቱን መውደድ ይማራል።

ይህ ፍቅር በሠርግ ቤት ከሁሉ ይልቅ በግልጽ ይታያል። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በሬ ወይም በግ ይገዛል። ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራና ቢላውን ይሰጠዋል፤ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ለብቻ ነው፤ ወጡን የሚሠሩትም የእነሱው ሴቶች ናቸው። ሙስሊሙ ሲድርም እንዲሁ ያደርጋል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ መለያየት ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ደጋሹ እንግዳውን የሚወደው እምነቱን እንዲተውለት ሳይጠይቅ ነው። የእኔን ሥጋ ካልበላህ አልወደድከኝም አላለውም። ለራሱ ሁለተኛ ወጪና ሁለተኛ ድካም ጨምሮ፣ እንግዳው በንጹሕ ኅሊና በልቶ እንዲመርቀው ያደርጋል። የእያንዳንዱ እምነት ሥርዓት ሳይሸረፍ ማዕዱ አንድ ቀን ላይ ይውላል።

በሐዘንም እንዲሁ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በብዙ ሰፈር ቅሬው የክርስቲያንና የሙስሊም ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ እንጀራ ጋግረው ይመጣሉ። የሞተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ ወደ ሙስሊም መቃብር ቆፋሪው አይለይም። እርግጥ ቅሬ መዋጮ አለው፤ በመዋጮ የሚተዳደር ነገር ደግሞ ከብድር በምድር ደንብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ያልከፈለ ሰው፣ መጤ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ሲሞት ቅሬው ምን ያደርጋል? ፍጹም ፍቅር ከልማድ የሚለየው በዚህ ቦታ ነው፤ ያንን ሬሳ አንሥቶ በክብር የሚቀብር ቅሬ ከደንቡ አልፏል። ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ የሚመጡ ወጣቶች በኪራይ ቤት ብቻቸውን ስለሚኖሩ ጥያቄው የዛሬ ጥያቄ ነው።

ምላሽ የማይጠብቅ ፍቅር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። ሁሉን መቻል፣ በደልን መሸፈን፣ ለክፉ ሥራ ዝም ማለት ይመስላል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ቻይው፣ መስቀልሽ ነው ስትባል የሚሰጣት ምክር ከፍቅር ትምህርት ጋር አይስማማም። ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 13 ፍቅርን ሲተነትን ትዕግሥቱን ብቻ አይጠቅስም፤ ፍቅር ከእውነት ጋር እንጂ ከዓመፅ ጋር እንደማይደሰትም ይጨምራል። ባልን መውደድ በትሩን መውደድ አይደለም። እጁን ማስቆም፣ ሴቲቱንና ልጆቿን ከቤቱ አውጥቶ ደኅና ቦታ ማኖር፣ ሰውዬውንም ለሕግ ማቅረብ የፍቅር ሥራ ነው፤ ለእሱም ጭምር። ይህን የማይል የንስሐ አባት ሸክሙን ለተጎጂዋ ብቻ አሸክሟል።

ከዚህ ጋር ፍቅርንና እርቅን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ፍቅርና ይቅርታ በአንድ ወገን ብቻ ሊጀመሩ ይችላሉ። እርቅ ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል። በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች የሚመሩት ደም የማድረቅ ሥርዓት ይህን በሚገባ ያውቃል። ገዳይ ጥፋቱን ሳያምን፣ ሽማግሌ ሳይመላለስ፣ ካሣ ሳይቆረጥ ደም አይደርቅም። የሟች ወገን ይቅር ለእግዚአብሔር ያለ ዕለት ቂሙ ይወርዳል። ሥርዓቱ እውነትን ስለሚጠይቅ ፍቅርን አይቃረንም፤ ይቅርታው ሐሰት ላይ እንዳይቆም ይጠብቀዋል። በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን እርስ በርስ ሰላምታ እንዲሰጣጡ ዲያቆኑ ሲያዝም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ቂም ይዞ ወደ ቁርባን መቅረብ አይገባም።

ሌላው ከባድ ጥያቄ ስለ ምጽዋት ነው። ዝክር የሚዘክር፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ በበዓል ቀን ለየኔ ቢጤዎች ዳቦና ጠላ የሚያወጣ ሰው ስለ ነፍሴ ብሎ ነው። ታዲያ መንግሥተ ሰማያትን አስቦ የሰጠ ሰው ምላሽ ጠብቆ አይደለምን? አባቶች ይህን አልሸሹትም። ሰው መጀመሪያ ከቅጣት ፈርቶ፣ ቀጥሎ ዋጋ ተስፋ አድርጎ፣ በመጨረሻም እንደ ልጅ ከፍቅር የተነሣ ብቻ ይሠራል ብለው አስተምረዋል። ስለዚህ ለጽድቅ ብሎ የሚሰጠውን ሰው መናቅ አይገባም፤ መንገድ ላይ ነው። መድረሱ የሚታወቀው ግን ተቀባዩን የጽድቅ መግዣ ማድረጉን ሲያቆም፣ ስሙን ሲጠይቀው፣ ትናንት ስላልመጣ ምን ነካው ብሎ ሲያስብ ነው።

እንዲህ ያለውን መንገድ ከደሴ ሰሜናዊ ምዕራብ አምባሰል ውስጥ የጀመሩ አንዲት ሴት አሉ። ግሸን ማርያም የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ቦታ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው የሚመጣ ምእመን በደሴ በኩል አድርጎ ይሄዳል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ወደ ግሸን ለመሳለም ሄዱ። ያ ጊዜ ወሎ በድርቅ የተመታበት ነበር። በመንገድ ላይ በረኃብ የወደቁ ሰዎች አዩ፤ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። እሳቸው የያዙት ጥቂት ዳቦና ጠበል ነበር፤ ለሰዎቹ አካፈሉ። ዳቦው ሲያልቅ መመለስ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድባቸውም። እሳቸው ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ አበበች ሀብታም አልነበሩም። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ከዚያ ቤት ያመለጡ፣ ራሳቸውን በሥራ ያቆሙ ሴት ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ቤተሰብ አበደች አለ፤ ባላቸውም አልተስማሙም፤ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ያላቸውን ሸጠው፣ እንጀራና ዳቦ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። ከዚያ ተነሥቶ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተቋቋመ፤ ሺዎች ወላጅ አልባ ሕፃናት በእሱ በኩል አደጉ፣ ተማሩ። ወደ ተራራው የወጡት መስቀሉን ለመሳለም ነበር፤ መስቀሉን ያገኙት በመንገድ ዳር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእነዚያ ከሁለቱ ሕፃናት ያገኙት ምላሽ ድካም፣ የዘመድ ወቀሳና ድህነት ነበር፤ አንዱንም ለመተው ምክንያት አላደረጉትም።

ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ክረምት ደሴ በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ሰዎች ተሞላች። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ፤ በየክፍሉ ወንበሩ ተነሥቶ ቤተሰብ ከነልጆቹ መሬት ላይ ተኛ። የከተማው ነዋሪ እንጀራ፣ ልብስና ብርድ ልብስ ይዞ ይመላለስ ነበር፤ ቤቱ ቦታ ያለውም የሌለውም እንግዳ አስገባ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰጠ፤ ተቀባዩም ከሁለቱም ነበር። ማንም ከእነዚያ እንግዶች ብድር እንደማይመለስለት የታወቀ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። እንግዳ የተቀበሉት ሰዎች ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነው፣ ልጆቻቸውንና የቻሉትን ይዘው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ኮምቦልቻም ስትያዝ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ቀጥለው ደብረ ብርሃን ገቡ። እዚያም ቤቱን የከፈተላቸው ሰው ቀድሞ አያውቃቸውም ነበር።